ላሊበላን በሳተላይት ፎቶ ለኤክስ-ፕሌን 12 መሥራት፦ የታይል ድንበር፣ ወጣ ገባ ማኮብኮቢያ እና የቀለም መከፈል

ላስታ12

ሰላም ለሁላችሁ። የላሊበላን አካባቢ በኦርቶ4ኤክስፒ (የሳተላይት ፎቶን ወደ ሲሙሌተር መሬት በሚቀይረው ፕሮግራም) ለኤክስ-ፕሌን 12 የበረራ ሲሙሌተር በሳተላይት ፎቶ እየሠራሁ ነው። የምፈልገው በኪው400 አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቼ ወደ ላሊበላ ስወርድ ተራራው፣ ከተማው እና መንገዱ በየቦታቸው እንዲታዩኝ ነው። እስካሁን የሠራሁት ከተማውን የያዘውን ታይል (የካርታ ቁራጭ) +12+039 እና አየር ማረፊያውን የያዘውን +11+038 ነው። ሁለቱም ዚኤል17 (ዚኤል የፎቶው የዙም ደረጃ ነው)፣ የፎቶ ምንጫቸው ቢንግ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ራሱ ባወረደው የከፍታ ፋይል፣ ሁለተኛው በ1 ሰከንድ (የዲግሪ 1/3600ኛ) ኤስአርቲኤም በሚባለው የከፍታ መረጃ ነው የተሠራው።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው ሲበረር መሬቱ መካከል ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ፎቶውም እዚያ ይቋረጣል። ማኮብኮቢያው ወጣ ገባ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ይዘላል። ፎቶ ባለበት ሁሉ መንገድ፣ ዛፍ እና ቤት ጠፍቷል። ከከተማው በስተምሥራቅ ደግሞ ቀለሙ በቀጥታ መስመር ተከፍሎ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቡናማ ነው።

ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ባይት ራም፣ 6 ጊጋ ባይት ግራፊክስ ካርድ እና 200 ጊጋ ባይት ነጻ ቦታ ያለው ኤስኤስዲ አለው። ሁሉንም ወደ ዚኤል18 ባሳድገው ይሻላል?

ካርታ ሠሪዋ

ሰላም ወንድም ላስታ። ከግድግዳው ልጀምር። አንድ ታይል 1 ዲግሪ በ1 ዲግሪ ነው፤ ስሙን የሚወስደውም ከደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። ከተማው 12.03 ሰሜን፣ 39.04 ምሥራቅ ገደማ ላይ ይገኛል። አየር ማረፊያው ግን 11.975 ሰሜን፣ 38.98 ምሥራቅ ላይ ነው። ስለዚህ 12ኛው የኬክሮስ መስመር እና 39ኛው የኬንትሮስ መስመር የሚቋረጡት በሁለቱ መካከል ነው። አንተ የሠራሃቸው ታይሎች የሚነካኩት በዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። የቀሩት +11+039 እና +12+038 አሁንም የኤክስ-ፕሌን ነባር መሬት ናቸው፤ የነባሩ ከፍታ ከአንተ ሜሽ (ከመሬቱ የሦስት ማዕዘኖች መረብ) ጋር ስለማይገጥም ድንበሩ ላይ ገደል ይፈጠራል። ላሊበላን የሚሠራ ሰው አራቱንም ታይሎች መሥራት አለበት፤ አቋራጭ የለውም።

አራቱም በአንድ ዓይነት የከፍታ መረጃ ይሠሩ። ፕሮግራሙ ሳይነገረው ለዚህ አካባቢ የሚያወርደው የቪውፋይንደር ፓኖራማስን ባለ 3 ሰከንድ ፋይል ነው፤ በነጥብ እና በነጥብ መካከል 90 ሜትር ገደማ ርቀት አለው። ባለ 1 ሰከንዱ ኤስአርቲኤም 30 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ላስታ ባለ ገደላማ አገር ባለ 90 ሜትሩ የአምባውን ጠርዝ ያድበለብለዋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡም ጠርዛቸው አይገናኝም። ከዩኤስጂኤስ ኧርዝ ኤክስፕሎረር በነጻ አካውንት አራቱን ፋይሎች በጂኦቲፍ ፎርማት አውርድ፦ ኤን11ኢ038፣ ኤን11ኢ039፣ ኤን12ኢ038 እና ኤን12ኢ039። እያንዳንዱ 3601 በ3601 ነጥብ ነው፤ ሳይታመቅ 26 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ከ3600 በላይ የተጨመረችው አንዷ መስመር በጎረቤት ፋይልም ትደገማለች፤ ስፌቱ የሚገጥመው ለዚህ ነው። የፋይሉን አድራሻ በየታይሉ ቅንብር «ካስተም ዴም» የሚለው ላይ ጻፍ፤ ባዶ ነጥቦችን የሚሞላው «ፊል ኖዳታ» እንደበራ ይቆይ። መረጃው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከመንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበ ነው፤ ራዳሩ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያላየው ነጥብ ባዶ ሆኖ ይመዘገባል። ያ ሳይሞላ ከቀረ መሬቱ ላይ መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ ታያለህ።

ከፍታ ከተቀየረ 1ኛውን ደረጃ (አሴምብል ቬክተር ዳታ)፣ 2ኛውን (ትራያንጉሌት 3ዲ ሜሽ)፣ የውኃ ማስኩን እና የመጨረሻውን (ቢልድ ኢሜጀሪ/ዲኤስኤፍ) በቅደም ተከተል ድገም። የወረዱት ፎቶዎች «ኦርቶፎቶስ» ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ እንደገና አይወርዱም። 1ኛው ደረጃ መሃል ላይ ከቆመ ብዙውን ጊዜ የካርታው መረጃ የሚወርድበት የኦቨርፓስ ሰርቨር ተጨናንቆ ነው፤ በቅንብሩ ሌላ ሰርቨር ምረጥ።

ሁለት ቁጥሮች ደግሞ አሉ። «ከርቬቸር ቶል» ሲቀንስ ሦስት ማዕዘኖቹ ይበዛሉ፣ ተራራው ይጠራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ለዚህ ቦታ ከ2 ወደ 1.5 ማውረድ ይበቃል። «ኖርማል ማፕ ስትሬንግዝ» የሚለውን ወደ 0.3 አውርደው። የሳተላይቱ ፎቶ ጥላውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሲሙሌተሩ የራሱን ጥላ ሲጨምርበት የገደሉ ሥር ጥቁር ይሆናል። ይህችን ብዙ ሰው አይነካትም፤ ለውጧ ግን ጠዋት እና ማታ በግልጽ ይታያል።

ቦሌ07

ካርታ ሠሪዋ ባለችው ላይ የማኮብኮቢያውን ልጨምር። ኦርቶ4ኤክስፒ አየር ማረፊያን የሚያለሰልሰው ከኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሊያርመው ከሚችለው የኢንተርኔት ካርታ) ባገኘው ሥዕል ነው። የአየር ማረፊያው ክልል እና ማኮብኮቢያው እዚያ ላይ በትክክል ካልተሣሉ የሚለሰልሰው ቦታ ይዛነፋል። መጀመሪያ ያንን አረጋግጥ፤ ጎደሎ ካለ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ራስህ አርመው፤ ለሁሉም ይጠቅማል። ፕሮግራሙ ያወረደውን በ«ኦኤስኤም ዳታ» ፎልደር ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ካረምክ በኋላ የዚያን ታይል የቆየ ፋይል ደምስስ፤ አለበለዚያ አሮጌውን ነው ደግሞ የሚያነበው።

ከዚያ «ኤፒቲ ስሙዚንግ ፒክስ»ን ተመልከት። ሳይነካ 8 ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው የከፍታ ፋይሉን ነጥቦች ነው፤ ስለዚህ ከ90 ሜትር ወደ 30 ሜትር ፋይል ሲዞር ያው 8 የሚያለሰልሰው ርቀት ወደ ሲሶ ይወርዳል። በ+11+038 የመዝለሉ ምክንያት በአብዛኛው ይህ ነው። ወደ 16 ከዚያም ወደ 24 ከፍ እያደረግህ ሞክር። ከመጠን በላይ ሲሆን ማኮብኮቢያው ያለውን ተዳፋት መልክ ያጣል።

በዌድ (ወርልድ ኤዲተር፣ የአየር ማረፊያ መሥሪያው ፕሮግራም) «ኦልዌይስ ፍላትን» የሚለውን ማብራት እንደ መፍትሔ ሲነገር ትሰማለህ። ለላሊበላ አልመክረውም፤ ቦታውን እንደ ጠረጴዛ ደልድሎ በዙሪያው ቁልቁል ያቆማል። የተሻለው በጆስም (የኦፕንስትሪትማፕ ማረሚያ ፕሮግራም) የተሠራ ፓች፣ ማለትም የመሬት ማስተካከያ ፋይል ነው፦ ማኮብኮቢያውን በአራት ነጥብ ሬክታንግል ሣል፣ የሁለቱን ጫፎች ከፍታ በሜትር በ«አልቲትዩድ ሃይ» እና በ«አልቲትዩድ ሎው» ጻፍ፣ ፋይሉን በ«ፓችስ» ፎልደር ውስጥ በ+10+030 ሥር በ+11+038 አስቀምጥ፣ ከዚያ 1ኛውን እና 2ኛውን ደረጃ ድገም። የጫፎቹን ከፍታ ከበረራ ቻርት ውሰድ። ቻርቱ በጫማ ስለሚጽፍ በ0.3048 ማባዛት አትርሳ።

መንገድ እና ቤት የጠፋው ኦቨርሌይ (መንገድ፣ ዛፍ እና ቤት የያዘው፣ ከፎቶው በላይ የሚደረበው ፋይል) ስላልወጣ ነው። የፎቶው ታይል ነባሩን ታይል ሙሉ በሙሉ ይተካዋል፤ በነባሩ ውስጥ የነበረው መንገድ፣ ዛፍ እና ቤትም አብሮ ይሄዳል። «ካስተም ኦቨርሌይ ሶርስ» ላይ የኤክስ-ፕሌን 12 ግሎባል ሲነሪ ፎልደርን አመልክትና ለአራቱም ታይሎች «ኤክስትራክት ኦቨርሌይስ» በል። በኤክስ-ፕሌን ኢንስቶለር አፍሪካ ካልተጫነች የሚወጣ ነገር የለም፤ ይህን አስቀድመህ አረጋግጥ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ። «ካስተም ሲነሪ» ውስጥ ያለውን የሲነሪ ፓክስ ፋይል በኖትፓድ ክፈት። ከላይ በእጅ የተጨመሩ አየር ማረፊያዎች፣ ቀጥሎ ግሎባል ኤርፖርትስ፣ ቀጥሎ «ዋይ ኦርቶ4ኤክስፒ ኦቨርሌይስ»፣ ከሁሉ በታች «ዜድ ኦርቶ4ኤክስፒ» የሚሉት ታይሎች። ኤክስ-ፕሌን አዲስ ፓክ ባገኘ ቁጥር ከላይ ነው የሚጽፈው፤ ታይሉ ከኦቨርሌዩ በላይ ከዋለ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ታይል በጨመርክ ቁጥር ፋይሉን ተመልሰህ ተመልከት።

ዋልያ ፒክስል

ዚኤል18ን ለሁሉም አታድርገው። በዚህ ኬክሮስ ዚኤል16 በፒክስል 2.3 ሜትር፣ ዚኤል17 1.17 ሜትር፣ ዚኤል18 0.58 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ደረጃ በወጣህ ቁጥር መጠኑ አራት እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ የዲዲኤስ ፋይል (ሲሙሌተሩ የሚያነበው ፎቶ) 4096 በ4096 ፒክስል ሲሆን 11 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ በዚያ ስሌት አንድ ታይል በዚኤል16 ከ2 ጊጋ በታች፣ በዚኤል17 ከ6 ጊጋ ትንሽ በላይ፣ በዚኤል18 24 ጊጋ ይሆናል። አራት ታይል በዚኤል18 ማለት 100 ጊጋ ሊሞላ ነው፤ «ኦርቶፎቶስ» ውስጥ የሚቀረው ጄፔግ ሳይቆጠር። ባለ 6 ጊጋ ካርድህም ያንን ሲጭን ፎቶውን ራሱ እያደበዘዘ ቦታ ይፈልጋል፤ የከፈልክበትን ጥራት አታየውም።

ኢንተርኔቱም አለ። ዚኤል17 ለአንድ ታይል ወደ 135 ሺህ ትናንሽ ምስሎች ያወርዳል፤ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ባይት ቢሆን ከ1.4 እስከ 2.7 ጊጋ ባይት ነው። ዚኤል18 የዚያ አራት እጥፍ። በሞባይል ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ማውረዱ ቢቋረጥ ተመልሰህ ስታስነሣው ካቆመበት ይቀጥላል።

የምመክረው ይህን ነው፦ አራቱም ታይሎች በዚኤል16፣ «ከቨር ኤርፖርትስ ዊዝ ሃይሬስ» በርቶ የአየር ማረፊያው ዙሪያ በዚኤል18፣ ከዚያ በፕሮግራሙ ካርታ ላይ ከማኮብኮቢያው እስከ ከተማው ማዶ በእጅ የተሣለ የዚኤል18 ዞን። አንድ የዚኤል18 ፋይል በየጎኑ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 12 በ10 ኪሎ ሜትር ዞን 30 ያህል ፋይል፣ ማለትም 330 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ዞኑ የታይል ድንበር ስለሚሻገር በአራቱም ታይሎች ለየብቻ መሣል አለበት። ለቀረው ሰፊ መሬት «ዩዝ ዲካል ኦን ተሬን»ን አብራ፤ ከቅርብ ሲታይ የፎቶውን መደብዘዝ ይቀንሳል።

ገደሉ ላይ ግን ዙም አይረዳም። ፎቶው ከላይ የተነሣ ስለሆነ 70 ዲግሪ ያዘነበለ ግድግዳ ላይ 1.17 ሜትሩ ፒክስል ወደ 3.4 ሜትር ይለጠጣል። የአምባው ፊት የተዘረጋ ክር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ መስመሩ ሁለት የተለያየ ወቅት ፎቶ የተሰፋበት ነው። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው አብዛኛው ፎቶ የበጋ ነው፤ የጥቅምቱ ግን ገና አረንጓዴ ነው፣ የመጋቢቱ ደግሞ ደርቋል። መጀመሪያ ሌላ ምንጭ ተመልከት፦ በካርታው መስኮት ቢንግን እና አርክጂአይኤስን እያፈራረቅህ ያንኑ ቦታ አስተያይ። አንዱ ወጥ ከሆነ በዞኑ ላይ ያንን ምንጭ ምረጥ። ሁለቱም ካልሆኑ «ኦርቶፎቶስ» ውስጥ ያለውን ጄፔግ በጊምፕ የፎቶ ማረሚያ ክፈት፣ በአረንጓዴው በኩል «ከርቭስ»ን ተጠቅመህ አረንጓዴውን ቻናል ትንሽ ዝቅ፣ ቀዩን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ በዚያው ስም አስቀምጥ። ከዚያ በታይሉ «ቴክስቸርስ» ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ስም ያለውን ዲዲኤስ ደምስስና የመጨረሻውን ደረጃ አስኪድ። ማስተካከያውን በአንድ ፋይል ላይ ከወሰንክ በኋላ ቅንብሩን አስቀምጠህ ያንኑ በሁሉም ላይ ተጠቀም። በዓይን ግምት አንድ በአንድ የተነካ ፎቶ ከላይ ሲታይ ዳማ ይመስላል።

ላስታ12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እህቴ ካርታ ሠሪዋ፣ የአራቱ ታይል ነገር ብዙ ነገር ፈታልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ በመስቀል ቅርጹ እንዲታይ ዚኤል ስንት ያስፈልጋል? ሌላው፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመዴ ፈጣን ኢንተርኔት ስላለው ታይሎቹን እሱ ሠርቶ በሃርድ ዲስክ ቢልክልኝ፣ ከዚያም እዚህ ላሉ ሌሎች ባካፍል ይቻላል?

ካርታ ሠሪዋ

የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ በየጎኑ 12 ሜትር ገደማ ነው። በዚኤል17 ወደ 10 ፒክስል ነው የሚሆነው፤ ነጠብጣብ እንጂ መስቀል አይታይም። በዚኤል18 ወደ 20፣ በዚኤል19 ወደ 40 ፒክስል። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያኖቹ ብቻ አንዲት ትንሽ የዚኤል19 ዞን ጨምር፤ አንድ ፋይል 1.2 ኪሎ ሜትር በየጎኑ ስለሚሸፍን ሁለት ወይም አራት ፋይል ይበቃል። ምንጩ በዚያ ዙም ፎቶ ከሌለው ዞኑ ትርፍ የለውም፤ መጀመሪያ በካርታው አስፍተህ አረጋግጥ። መጠለያ የተሠራላቸው ቤተ ክርስቲያናት በፎቶው ላይ የሚታዩት በመጠለያው ጣሪያ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለውም።

ጥልቀቱን ግን ከሜሹ አትጠብቅ። ጉድጓዱ በየጎኑ 25 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የከፍታ ነጥብ ርቀት ያነሰ ስለሆነ በኤስአርቲኤም ውስጥ የለም። መስቀሉ ሜዳ ላይ የተሣለ ይመስላል። ለዝቅታ ለሚበርር ሰው መፍትሔው በፓች መሬቱን ዝቅ አድርጎ ቤተ ክርስቲያኑን በብሌንደር የ3ዲ ፕሮግራም መሥራት እና በዌድ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቦሌ07

ስለ ማካፈሉ፦ የቢንግም ሆነ የሌሎቹ ፎቶ ባለቤት አለው፤ የተሠራ ታይል ማሰራጨት አይፈቀድም። እዚህ መድረክ ላይም ሊንኩን አታስቀምጥ። የምትችለው ሥራህን ማካፈል ነው። የየታይሉ የቅንብር ፋይል የሣልካቸውን ዞኖች፣ ምንጩን እና ቁጥሮቹን ሁሉ በጽሑፍ ይይዛል፤ መጠኑ ጥቂት ኪሎ ባይት ነው። የካስተም ዴም አድራሻው ያንተን ኮምፒውተር ስለሚያመለክት ተቀባዩ በራሱ ይቀይረው። ከፓቹ ጋር አብረህ አስቀምጠው፤ የኤስአርቲኤሙን አራት ፋይሎችም መጨመር ትችላለህ፣ እነሱ ለሕዝብ ነጻ ናቸው። ተቀባዩ ፎቶውን በራሱ ኮምፒውተር ያወርዳል፣ ውጤቱ ግን ያንተው ነው።

የማኮብኮቢያውን ፓች ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው። ጎንደርን የያዘውን +12+037 እየሠራን ያለን ሰዎች ተዳፋቱን እንዴት እንደያዝከው ማየት እንፈልጋለን።