ከትንንሽ ልጆች ጋር ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ፤ በምን ላጫውታቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ወላጆች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ካምፒንግ እንወጣለን። ሦስት ሌሊት ነው የምናድረው። ሴቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል።

ከዚህ በፊት አንዴ ሞክረነው አልሆነልንም። ለሁለት ሌሊት ሄደን በአንዱ ተመለስን። አንድ ሻንጣ ሙሉ መጫወቻ ይዤ ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ሰለቻቸው። ትንሹ እሳቱ ጋ ካልሄድኩ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔም ቀኑን ሙሉ «ተው፣ አትንካ» ስል ዋልኩ። ሲመሽ ደግሞ ትልቋ ጨለማውን ፈራች። ነፋስ ድንኳኑን በነካው ቁጥር «እማዬ፣ ማነው?» ትላለች። እኩለ ሌሊት ላይ ሁላችንም መኪና ውስጥ ገብተን ተኛን።

አሁን ግን ራሷ «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ስለዚህ በደንብ ተዘጋጅቼ መሄድ እፈልጋለሁ። ምን ልያዝ? ቀኑን በምን እናሳልፈው? ማታስ? ታብሌት ልያዝ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እህቴ አይዞሽ። የእኛም የመጀመሪያ ጉዞ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ከመሄዳችሁ በፊት ድንኳኑን ቤት ዘርጉት። ግቢ ካላችሁ ግቢ ውስጥ፣ ከሌላችሁ ሳሎን። መጀመሪያ ቀን ቀን ይጫወቱበት። ከዚያ የከሰዓት እንቅልፋቸውን እዚያው ይተኙ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት አብራችሁ እደሩበት። የዚፑን ድምፅ ይልመዱት፤ የመኝታ ከረጢቱ ሲንኮሻኮሽ ይስሙት። ልጅሽ የፈራችው ድንኳኑን ስለማታውቀው ነው።

መጫወቻውን ቀንሺ። እኔ አሁን የምይዘው ባልዲ፣ መጠናቸው የተለያየ ሦስት አራት ኩባያ፣ የማይፈለግ ትልቅ ማንኪያ፣ ኳስና ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነው። ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ መገልበጥ ትልቅ ሥራ ነው። ጭቃ ከሆነማ ምሳውንም ይረሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራ ስጫቸው። ልጆች የሚነጫነጩት በአብዛኛው እኛ ሥራ ላይ ሆነን እነሱ ተመልካች ሲሆኑ ነው። ያቺ እንደደረሳችሁ ድንኳን የምትተክሉባት ሰዓት በጣም ከባድ ናት። የእኔ ሁለተኛ ልጅ ሦስት ዓመቱ ሳለ አባቱ ካስማ ሲመታ አይቶ እኔም ካልመታሁ አለ። ትንሽ የእንጨት መዶሻ ሰጠነውና ለስላሳ አፈር ላይ አንድ ካስማ ጀመርንለት። ይመታል፣ ይነቅላል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ይተክላል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀና ሳይል። በኋላ ዞር ስንል ከድንኳኑ እስከ ዛፉ ድረስ የጉድጓድ መስመር ሠርቷል። የዚያን ቀን ሌላ መጫወቻ አልጠየቀንም።

ለአምስት ዓመቷ ደግሞ ሹመት ስጪያት። የባትሪ ኃላፊ ትሁን። ማታ ማታ ለሁሉም የምታድል፣ ጠዋት የምትሰበስብ እሷ ብቻ ናት። ይህን ስታደርጊ የምር አድርጊው፤ እሷን ሳትጠይቂ ባትሪ አታንሺ።

መልስ፦ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት

እኔ ስለ ማታው ልናገር።

መጀመሪያ ቀኑን በጨረቃ ምረጡ። ልጅ ጨለማ የሚፈራ ከሆነ ጨረቃ ሙሉ ልትሆን ሦስት አራት ቀን ሲቀራት ሂዱ። ያኔ ገና ሲመሽ ጨረቃዋ ሰማይ ላይ ናት፤ ሰማዩ ደመናማ ካልሆነ ሜዳው ሁሉ ይታያል። ኮከብ በብዛት ማየት ከፈለጋችሁ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ ግንባር ላይ የሚታሰረው ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሸረሪት ፍለጋ ውጡ። ባትሪውን ዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ ሣሩ ላይ አብሩ። ጤዛ የመሰለ አረንጓዴ ብልጭታ ታያላችሁ። ሳታጠፉ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ ብልጭታው የሸረሪት ዓይን ነው። ሁሉም ሸረሪት እንዲህ አያበራም፤ ድር ሳይዘረጉ መሬት ለመሬት እየሮጡ የሚያድኑት ናቸው። መንካት የለም፤ ማየት ብቻ። ትልቁ ልጄ ጨለማ መፍራት የተወው በዚህ ነው። መጀመሪያ እጄን ሙጭጭ አድርጎ ነበር የያዘው። ሦስተኛውን ሸረሪት ሲያገኝ እጄን ለቆ ቀድሞኝ ሄደ።

ከዚያ ባትሪ አጥፍታችሁ ብርድ ልብስ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ነጭ ብርሃን ካየ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አንዱ ባትሪ ላይ ቀይ ፕላስቲክ እሰሩበት፤ ቀይ ብርሃን ያን ያህል አይረብሽም። የማይርገበገብ ደማቅ ነጥብ ካያችሁ ፕላኔት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ካያችሁ ሳተላይት ነው። ማን ቀድሞ ያያል ብላችሁ ተወዳደሩ።

«ማነው?» ለሚለው ደግሞ ድምፁን ቀን አሳዪአት። ገና ብርሃን ሳለ ድንኳን ውስጥ ትቀመጥ፤ አንቺ ከውጭ ሸራውን ሳብ አድርጊ፣ በቅርንጫፍ ጫር አድርጊ፣ ገመዱን ንኪ። ምን እንደሆነ ትገምት። ተራው ሲደርስ እሷ ትውጣና አንቺ ገምቺ።

ታብሌቱን ግን ተይው። አንዴ ካዩት ቀኑን ሙሉ እሱኑ ነው የሚጠይቁት።

መልስ፦ የመንትዮች እናት

በታብሌቱ አልስማማም። ረጅም መንገድ አለ፤ መመለስም አለ። እኔ ከመነሳቴ በፊት የተረት ድምፅ ስልኬ ላይ እጭናለሁ። ስክሪኑን አያዩትም፤ ይሰሙታል። መኪና ውስጥና ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው የምከፍተው። ደንቡን ከቤት ሳንወጣ ስለምነግራቸው ጭቅጭቅ የለም።

መልስ፦ የአፀደ ሕፃናት መምህርት

ሰላም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቀኑን በፕሮግራም አትሙይው። ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት አንድ ነገር ይበቃል። የቀረውን እነሱ ይፈልጉት። «ደበረኝ» ስትልሽ ወዲያው መፍትሔ ይዘሽ አትሩጪ። ትንሽ ታገሺያት። ብዙ ጊዜ ከ«ደበረኝ» በኋላ ነው ጥሩው ጨዋታ የሚመጣው።

ለአምስት ዓመቷ የእንቁላል ካርቶን ያዢላት። እያንዳንዱን ጉድጓድ በተለያየ ከለር ቀቢው። እሷ ያንን ቀለም የሚመስል ነገር ፈልጋ ትሞላዋለች። ከመሬት የወደቀ ብቻ ነው የሚነሳው። ቀይና ቢጫ ቶሎ ይገኛል፤ ሰማያዊ ፍለጋ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ወረቀትና ክሬየንም አይጥፋ። ቅጠሉን ጅማቱ የጎላበትን ወገን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወረቀት ጣሉበት። ክሬየኑን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ እየወጣ ሲመጣ ልጆች ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ጠዋት ሜዳ ላይ አንድ ዱላ ትከሉ። ጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። በየሰዓቱ እየተመለሳችሁ ሌላ ጠጠር ጨምሩ። ጥላው እኩለ ቀን አካባቢ ያጥራል፤ ከዚያ በሌላው በኩል መርዘም ይጀምራል። ይህን የምወደው ቀኑን ሙሉ ልጁን በራሱ ስለሚጠራው ነው።

የጉንዳን ሰልፍ ካገኛችሁ በእርጥብ እንጨት መንገዳቸውን አቋርጣችሁ ጥረጉ። ጉንዳኖች የሚከተሉት ከፊታቸው ያለፉት የተዉትን ሽታ ነው። ሽታው ሲቋረጥ ትንሽ ይደናገራሉ፤ ቆይተው መንገዱን መልሰው ይገጥማሉ። ራቅ ብላችሁ ቁሙና አንድም ጉንዳን ሳትረግጡ እዩአቸው።

ለትንሹ ምንም አታዘጋጂ። ዝም ብለሽ ተከተዪው። ከድንኳን ሃምሳ ሜትር ርቆ ለመመለስ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት የእግር ጉዞው ያ ነው። ጠጠር ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ተመልሶ ያነሳል። እባክሽ አታጣድፊው።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

ሁሉም ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን የበረደው፣ የራበው ወይም እንቅልፍ ያጣ ልጅ በምንም ጨዋታ አይደሰትም።

ብርዱ በብዛት የሚመጣው ከሥር ነው። ከላይ ብርድ ልብስ ከመደራረብ በፊት ከሥር ወፈር ያለ ፍራሽ ይኑራቸው። ትንንሽ ልጆች ከክብደታቸው አንፃር ቆዳቸው ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያጣሉ። ከመተኛታቸው በፊት የዋሉበትን ልብስ ካልሲው ሳይቀር ቀይሪላቸው፤ ላብ የነካው ጥጥ ሌሊት ያቀዘቅዛል። መብረዱን ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሺ። ቤት ከመኝታ በፊት የምታደርጉትን ሁሉ እዚያም በቅደም ተከተሉ አድርጉት፤ ጥርስ፣ ሽንት፣ ተረት።

ለማሞቅ ብላችሁ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ይገድላል።

ለእሳቱ፣ ከዳሩ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ርቃችሁ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩ። ደርዳሪዎቹ ልጆቹ ይሁኑ፤ ራሳቸው የሠሩትን ድንበር ያከብራሉ። እንዲያም ሆኖ አንድ አዋቂ ሁልጊዜ እሳቱ አጠገብ ይኑር። ማታ ስታጠፉ በውሃ አጥፉ፣ አማስሉ፣ ደግማችሁ ውሃ ጨምሩ። አፈር ብቻ ከጣላችሁበት ፍሙ ከሥር እንደጋለ ያድራል፤ ጠዋት ባዶ እግሩን የመጣ ልጅ ይረግጠዋል። ቃጠሎ ከደረሰ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት እንጂ በረዶም ቅባትም አታድርጉ።

ባልዲውን በተመለከተ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ድፉት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ ሲሰጥም ደግሞ አይጮህም። ወንዝ ወይም ሐይቅ ካለ ከትንሹ የአንድ ክንድ ያህል እንኳ አትራቂ።

የትንኝ መከላከያ ስትገዢ የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት ያለበትን ለትንሹ አትጠቀሚ፤ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። የትኛውንም ቢሆን መጀመሪያ እጅሽ ላይ አድርገሽ ቀቢያቸው፤ የእነሱን እጅ ግን ተይው፣ አፋቸው ውስጥ ይገባል።

ለሁለቱም ፊሽካ አንገታቸው ላይ ሳይሆን ልብሳቸው ላይ እሰሪ፤ ገመዱ እንዳያንቃቸው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ብቻህን ከሆንክ አንድ ዛፍ ጋ ቁም፣ አትንቀሳቀስ፣ ሦስት ጊዜ ንፋ።

የጠያቂዋ መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሲስተር፣ የከሰሉን ነገር ባለቤቴ አስቦት ነበርና አሳየሁት፤ ተወው። ሳሎን ውስጥ ዛሬ ድንኳን ዘርግተናል። አንድ የቀረኝ ዝናብ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ ምን እናደርጋለን?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

ውጡ! የዝናብ ልብስና ቦቲ ካላቸው ዝናብ ትልቁ ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ በሚታሰር ፕላስቲክ ውስጥ ለብቻ ይቀመጥ፤ እሱን አትንኪው፣ ለክፉ ቀን ነው። ሲገቡ ባትሪ ድንኳኑ ላይ አብሪና በእጅሽ ጥላ ሥሪ፤ ጥንቸል፣ ወፍ፣ ውሻ። እንቆቅልሽም እዚያ ነው የሚጥመው።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

መብረቅ ከሌለ። ብልጭታውን ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 በታች ከሆነ ሁላችሁም መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮት ዝጉ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ልጆች መቁጠሩን ይወዱታል፤ ፍርሃታቸውም ይቀንሳል።

የጠያቂዋ መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ተመልሰናል። ሦስቱንም ሌሊት አደርን!

ትንሹ ካስማውን መሬት ለመሬት ሲተክልና ሲነቅል ሁለት ቀን ዋለ። ድንጋዩን አብረው ደርድረዋል፤ እህቱ ቆማ «መስመሩን አትለፍ» ትለው ነበር። ሰማያዊ ነገር ግን አላገኘንም። በመጨረሻው ቀን ከወፍ የወደቀች ትንሽ ላባ አገኘችና ግራጫ ናት ወይስ ሰማያዊ በሚለው ከአባቷ ጋር እስከ ቤት ተከራከሩ።

በሁለተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሳ። ነቅቼ ስጠብቃት ነበር። ዓይኗን ገለጥ አደረገችና «ገመዱ ነው» ብላ ወደ እኔ ተጠግታ ተኛች።

ያልተሳካልኝ የከሰዓት እንቅልፍ ነው። ትንሹ ድንኳኑ ውስጥ ቀን ላይ እምቢ አለ። ይሞቃል፣ ብርሃንም አለ። መምህርት፣ ለሚቀጥለው ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአፀደ ሕፃናት መምህርት

እንኳን ደስ ያላችሁ! ቀን ድንኳኑ ስለሚግል እዚያ አታስተኚው። ዛፍ ሥር፣ ጥላው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፊለት፤ አንቺም አጠገቡ ተኚ። ያም ካልሆነ በዚያችው ሰዓት አዝለሽው ቀስ እያልሽ ዙሪ፤ ዘንበል ሲልልሽ ታውቂዋለሽ። ላባዋንስ ካርቶኑ ውስጥ አስገባቻት?

የጠያቂዋ መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰማያዊው ጉድጓድ ውስጥ ናት። አባቷ ተሸንፏል።