ተሸካሚ ውሻ ይራባ ወይስ ይከልከል? በቡችሎች ላይ ስለሚታይ የሚወረስ የስሜት ነርቭ ሕመም የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «የስሜት ነርቭ ሕመም ጂን የተሸከመ ውሻ ራሱ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ፈጽሞ እንዳይራባ ይከልከል።» ደጋፊም ተቃዋሚም በማስረጃ ይናገር።

ሐኪም፦ ክልከላውን እደግፋለሁ። ቦርደር ኮሊ በተባለው የውሻ ዝርያ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 7 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ቡችላው በተለይ በኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፤ መዳፉ እየተቀለበሰ በላዩ በኩል ይረግጣል። ከዚያ ጣቱን ይልሳል፣ ቀጥሎ ይነክሳል። ስለማያመው አጥንት ድረስ ቢደርስም አያቆምም። ሲብስ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ የዋጠውንም ይመልሳል። በፖይንተር፣ በስፕሪንገር ስፓንየልና በፍሬንች ስፓንየል ዝርያዎች የሚታየው የሕመሙ ዓይነት ግን መንገዳገድ የለበትም፤ ቡችላው ደህና እየሮጠ የገዛ ጣቱን ይቆርጣል። ለሁለቱም ፈውስ የለም። ይህን የሚያስተላልፍ ውሻ የሚራባበት ምክንያት አይታየኝም።

አርቢ፦ ዶክተር፣ ስለ ስቃዩ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ነገር ግን የሚታመመው ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የጂን ቅጂ የወረሰ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ ያለው በዚህ ሕመም አይያዝም። ተሸካሚው ከንጹሕ፣ ማለትም የተበላሸ ቅጂ ከሌለው ውሻ ጋር ሲዳቀል ከቡችሎቹ በአማካይ ግማሹ ተሸካሚ፣ ግማሹ ንጹሕ ነው፤ ታማሚ አይወለድም። ተሸካሚ ከተሸካሚ ሲገናኝ ነው ከ4 አንዱ የሚታመመው። ተሸካሚዎችን በአንድ ጊዜ ብናስወጣ የቀሩት ይበልጥ ይዛመዳሉ፤ ያኔ ምርመራ ያልተገኘለት ሌላ ድብቅ ሕመም ብቅ ይላል።

የዘረመል ባለሙያ፦ ነገሩን በቁጥር እንየው። ለስሌት ያህል ከ100 ውሻ 5ቱ ተሸካሚ ናቸው እንበል። ሁሉም ያለ ምርጫ ቢዳቀሉ ታማሚ የመወለድ ዕድሉ ከ1,600 አንድ ነው። አሁን አንድ ተፈላጊ ወንድ ተሸካሚ ሆኖ ከብዙ ንጹሕ ሴቶች ይውለድ። በአባት ብቻ የሚገናኙት ልጆቹ ሳይመረመሩ እርስ በርስ ቢዳቀሉ ዕድሉ ከ16 አንድ ይሆናል፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ ትልቁ ጥፋት የአንድ ወንድ ዘር ሳይመረመር እንዲህ መስፋፋቱ ነው። ተሸካሚን ብቻ መከልከል ይህን ልማድ አይነካውም።

ሐኪም፦ ስሌቱን እቀበላለሁ። የእኔ ሥጋት «ከንጹሕ ጋር ብቻ» የሚለው ደንብ ንጹሕ የተባለው በእርግጥ ንጹሕ ካልሆነ ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። ለጂን ምርመራ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና በቀላሉ ይበላሻል። ገና የሚጠባ ቡችላ አፉ ውስጥ የእናቱ ሴል ሊኖር ይችላል፤ ውጤቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አርቢ፦ እሱማ በጥንቃቄ ይታረማል። ቡችላው ጡት እስኪጥል ይጠበቅ፤ ናሙና ከመወሰዱ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ከምግብም ከወንድሞቹም ይለይ። ጥጡ በጉንጩና በድዱ መካከል ለ30 ሰከንድ ያህል እየተሽከረከረ ይታሽ፤ ከዚያ በአየር ይድረቅ። እርጥቡን ማሸግ ሻጋታ ያመጣል። ከእያንዳንዱ ቡችላ በኋላ እጅ ይታጠብ፤ የማይክሮቺፑ ቁጥርም ፖስታው ላይ እዚያው ይጻፍ፤ ማታ በትዝታ አይደለም።

የዘረመል ባለሙያ፦ ሌላም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የቦርደር ኮሊው ጉዳት ኤፍኤኤም134ቢ የተባለው ጂን ያለበት የዲኤንኤ ክፍል ተቆርጦ መገልበጡ ነው፤ በ2016 ታወቀ። የፖይንተሩ ግን ጂዲኤንኤፍ ከተባለው ጂን አጠገብ ያለች የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት። ለአንዱ የተሠራ ምርመራ ሌላውን አያይም። ወረቀቱ ላይ «ንጹሕ» ሲል ከተመረመረው ለውጥ ብቻ ነው።

ቡችላ ገዢ፦ ይቅርታ ላቋርጥ። ወላጆቹ ያልተመረመሩ ቡችላ በእጅ ሲፈተሽ ይታወቃል?

ሐኪም፦ ምልክት ከጀመረ መጠርጠር ይቻላል፤ ተሸካሚን ግን በእጅ መለየት አይቻልም። ቡችላውን ከሆዱ በታች ደግፈህ አቁመው፤ አንድ መዳፉን ገልብጠህ የላይኛው ገጽ መሬት እንዲነካ አድርግ። ጤነኛው ወዲያው ይመልሰዋል፤ ታማሚው እንደተቀለበሰ ይተወዋል። ከዚያ ጣቱን በመቆንጠጫ ያዝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ እግሩን መሰብሰቡ ብቻ ሕመም ተሰማው ማለት አይደለም፤ ያለ አንጎል ትእዛዝም ሊሆን ይችላል። ዞር ብሎ ማየቱን ወይም መጮሁን ጠብቅ። በዚህ ሕመም ግን ስሜቱ ገና ከነርቩ ስለተቋረጠ መሰብሰቡም ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ጡንቻው ግን ጠንካራ ነው። ማረጋገጫው የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ ነው፦ የእንቅስቃሴ ነርቮቹ ይሠራሉ፣ የስሜት ነርቮቹ ምላሽ እጅግ ያነሰ ነው ወይም የለም።

ታማሚው ቡችላ ቁስሉ ላይ ፋሻ ከታሰረለት ደግሞ በቀን ሁለቴ ይታይ። ፋሻው ቢጠብቅበት አያነክስም፣ አያለቅስም፤ ጣቱ አብጦ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚታወቀው። ለአለርጂ ተብሎ ወራት ሙሉ ቅባት ሲቀባ የሚከርም እንዲህ ያለ ቡችላም አለ፤ ያሳዝናል።

አወያይ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዶክተር፣ አቋምዎ እንዳለ ነው?

ሐኪም፦ ፍጹም ክልከላ የሚለውን እተወዋለሁ፤ ሁለት ነገር ግን አልለቅም። ከተሸካሚ የተወለደ ቡችላ ሁሉ ከእርባታው ሳይወጣ ይመርመር። ታማሚ ቡችላ የወለዱ ሁለት ወላጆችም ዳግም አይገናኙ፤ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸውና፣ ጤነኛ የሚመስሉት የታማሚው ወንድምና እህቶች እንኳ እያንዳንዳቸው ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ከ3 ሁለት ነው።

አርቢ፦ እስማማለሁ። ተሸካሚው ከልጆቹ መካከል ተተኪ ንጹሕ እንደተገኘለት ከእርባታ ይውጣ የሚለውም ይጨመር።

የዘረመል ባለሙያ፦ «ወላጆቹ ንጹሕ ስለሆኑ ንጹሕ ነው» የሚለው ምዝገባ ከሁለት ትውልድ በላይ አይቀጥል እላለሁ። አባት ተብሎ የተመዘገበው አባት ላይሆን ይችላል።

አርቢ፦ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። የአባትነት ዲኤንኤ ምርመራ ከተደረገ ሁለት ትውልድ የሚለው ገደብ ለምን?

የዘረመል ባለሙያ፦ ለእያንዳንዱ ወሊድ ከተደረገማ ገደቡን አነሣለሁ። በናሙና ለተመረጡ ጥቂቶች ብቻ ከሆነ ግን አላነሣም።