እረኛው መሸሽ ይገባዋልን? በመከራ ጊዜ ስለ መንፈሳዊ መሪ ድፍረት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ደጋግመው ከታሰሩ በኋላ፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። እሳቸው ግን መንጋቸውን በፈተና ሰዓት ትተው መሄድን እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ሞት እንደሚጠብቀው እያወቀ መውጫ መንገድ ቢከፈትለት፣ በእግዚአብሔር መታመኑ እንዲቆይ ያስገድደዋልን? ወይስ መውጣትም የእምነት ሥራ ሊሆን ይችላል?

ዘሰላሌ፦
የእኔ መልስ መቆየት አለበት የሚል ነው፤ ምክንያቴንም ከራሳችን ታሪክ አቀርባለሁ። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ፓትርያርክ እጅ ጵጵስና ከተቀበሉት አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች መካከል አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ አብርሃም ይገኙበታል። ከሰባት ዓመት በኋላ ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር ሦስቱም አንድ ዓይነት ፈተና ገጠማቸው። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ስላወገዙ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ፤ አቡነ ሚካኤልም በተከታዩ በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተገደሉ፤ አቡነ አብርሃም ደግሞ ለኢጣልያ አድረው በ1930 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ሆነው ተሾሙ። የሦስቱም መጽሐፍ አንድ፣ ሹመታቸውም በአንድ እጅ የተፈጸመ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን እረኛውን ለደመወዝ ከሚጠብቀው ሞያተኛ የለየበት ምልክት ተኵላው ሲመጣ የሚያደርገው ነው እንጂ በሰላሙ ቀን የተሰበከው ስብከት አይደለም። ሕዝቡ የሚማረው ከመሪው አፍ ብቻ ስላልሆነ፣ የሚሸሽ መሪ ያስተማረውን ሁሉ ይዞት ይሸሻል ብዬ አምናለሁ።

እኅተ ማርያም፦
ወንድሜ ዘሰላሌ ስለ አቡነ ጴጥሮስ የተናገርኸውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የደረስህበትን ድምዳሜ ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። «በአንዲቱ ከተማም መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሎ ያዘዘው ያው ጌታ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥር ወርዷል፤ ነገር ግን ማንም ሞያተኛ አላለውም። የእኛን የመጀመሪያ ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ በሮማው ንጉሥ በቆንስጣንጢዮስ ዘመን ወታደሮች ሊይዙት ሲመጡ አምልጦ በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ለዓመታት ተሸሸገ፤ ፈሪ ነው ላሉትም በጽሑፍ መልስ ሰጠ። ያ ንጉሥ አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ ብሎ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። አትናቴዎስ በመጀመሪያው ቀን ተይዞ ቢሞት ኖሮ፣ ዛሬ በየቅዳሴያችን የምንመሰክረው ሃይማኖት ማን ተከራክሮለት ይቆይ ነበር?

ነቢዩ ኤልያስንም አስቡ። ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሸ፣ ሞትንም ለመነ፤ እግዚአብሔር ግን በመጀመሪያ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ አስተኛው፣ ከዚያ በኋላ ነው ለምን እዚህ መጣህ ብሎ የጠየቀው። በሰው ፍርሃት ላይ ለመፍረድ እኛ ከእግዚአብሔር ይልቅ ለምን እንቸኩላለን?

የቦጂ ልጅ፦
ሁለታችሁም ስለ መቆየትና ስለ መሄድ ተናገራችሁ፤ ለእኔ ግን ከእነዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እሱም መሪው ከመከራው ቀን በፊት ከሌሎች ምን ጠይቆ ነበር የሚለው ነው። ቄስ ጉዲና ከአገር ውጡ በተባሉ ጊዜ የሰጡት ምክንያት በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ አገልጋዮቻቸውን በየቦታችሁ ጽኑ እያሉ ደጋግመው ሲለምኑ የቆዩ ሰው ነበሩና፣ እሳቸው ራሳቸው እንዴት ይሂዱ? ያን ጊዜ በወለጋና በሌሎችም አካባቢዎች አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ፣ አገልጋዮች ይታሰሩ ነበር። ከአዲስ አበባ ርቆ በአንዲት ትንሽ ምእመናን ጉባኤ የሚያገለግል ወንጌላዊ የሚያስወጣው ፕሬዚዳንት የለውም፤ አውሮፕላንም አይጠብቀውም። ዋና ጸሐፊው ቢሄዱ ኖሮ ጽኑ የሚለው ቃል ለድኾቹ ብቻ የተነገረ ትእዛዝ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለዚህ የእሳቸው ድፍረት በዚያች ሰዓት ድንገት ከሰማይ የወረደ አይመስለኝም። «በሕይወትም ያሉት ስለ እነርሱ ለሞተውና ለተነሣው እንጂ ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ» የሚለውን የሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ቃል ለመልሳቸው መሠረት አድርገው ሲጠቅሱ፣ ለዓመታት ያስተማሩትን ነገር በራሳቸው ላይ ነው የተረጎሙት። በዚህ ሚዛን ስመዝነው ቅዱስ አትናቴዎስም አይወቀስም፤ ሕዝቡን እኔ ልሽሽ እናንተ ግን ሙቱ አላለምና፤ የተሸሸገውም በጎቹ በሸሸጉት ቦታ፣ ከእነርሱው መካከል ነው።

ከዋሽንግተን፦
እኔ በስደት ምድር በዲቁና የማገለግል ነኝና በዚህ ላይ የምለው አለኝ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ወርደው፣ በኬንያ በኩል አድርገው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በስደት የነበሩት አባቶች ለብዙ ሺህ ስደተኞች ቤተ ክርስቲያን አቋቁመዋል፤ አጥምቀዋል፣ አጋብተዋል፣ ቀብረዋል፤ ልጆቻችን ግእዝ የሰሙት በእነርሱ ነው። በሌላ በኩል አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ መቆየቷን፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች በአንድ ቅዳሴ ላይ ለመቆም እምቢ ያሉበትን ዘመን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ወንድሜ የቦጂ ልጅ ባስቀመጠው ሚዛን ብስማማም አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ የሄደ መሪ ድፍረቱ የሚፈተነው ከሄደ በኋላ ነው። የተወው ሕዝብ በሌላ እረኛ ሥር ሲጠበቅ ማየት፣ ስለዚያም እግዚአብሔርን ማመስገን፣ በጠመንጃ ፊት ከመቆም ያላነሰ እምነት የሚጠይቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዘሰላሌ፦
እኅቴ ስለ ኤልያስ ያነሣሽው ነገር ልቤን ነክቶታል፤ አቋሜ ግን አልተለወጠም። ኤልያስን እግዚአብሔር ከመገበው በኋላ በመጣበት መንገድ ተመለስ ብሎታል። ጳውሎስም ከደማስቆ ቢወጣ በኋላ የተጓዘው ሊታሰርባት ወዳለችው ወደ ኢየሩሳሌም ነው፤ ወንድሞች እያለቀሱ ሲለምኑት እንኳ አልተመለሰም። መሸሽ ለጊዜው የተፈቀደ ነው ብትሉኝ እስማማለሁ፤ መጨረሻው መመለስ የሌለበት ሽሽት ግን ለእረኛ የተፈቀደበትን ስፍራ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

እኅተ ማርያም፦
እንግዲያው ማንም ያላነሣውን ነገር ላንሣ። ቄስ ጉዲና ከተወሰዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በእስር ቤት ቆዩ። የባላቸው አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኛ ስለ መሪው ድፍረት ስንከራከር የእሳቸውን ስም አንድም ሰው አልጠራም። ቄስ ጉዲና ብቻቸውን አልቆዩም፤ አንዲት እናትና ልጆቿም አብረው ቆይተዋል፤ ዋጋውንም ለረጅም ጊዜ የከፈለችው እርሷ ናት።

እውነት ነው፣ «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» ተብሎ ተጽፎልናል። ይህ ቃል የተጻፈው ግን እስር ላይ ካለ ሽማግሌ ለአንድ ወጣት አገልጋይ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ በሰንሰለት ሆኖ ነው የሚናገረው። በምቾት ተቀምጠን መጋቢያችን ለምን ዝም አለ፣ ካህናችን ለምን ከከተማው ወጣ የምንል ሰዎች ይህን ጥቅስ የማንሣት መብታችን ምን ያህል ነው? የቦጂ ልጅ መሪውን የመዘነበት ሚዛን ትክክል ከሆነ ምእመናኑም በእርሱ ይመዘኑ። አገልጋይዋን ጽና የምትል ቤተ ክርስቲያን፣ እርሱ በታሰረ ማግስት የቤቱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ ልጆቹን ማን እንደሚያስተምር፣ ሚስቱን በየእስር ቤቱ ደጅ ማን አብሯት እንደሚቆም አስቀድማ በጉባኤ ወስና በቃለ ጉባኤ ታስፍር። ያን ካላደረገች አገልጋይዋ በሸሸ ቀን ፈሪ ብላ ልትጠራው አትችልም።

የቦጂ ልጅ፦
እኅቴ፣ ወይዘሮ ፀሐይን በማንሣትሽ አመሰግንሻለሁ፤ ያልሽውንም ያለ ተቃውሞ እቀበላለሁ። የእኛ አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሲሰበሰብ ይህን እንደ አንድ አጀንዳ አስይዛለሁ።