«ጨለማ አስትሮይድ» ይባላል ወይ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎች የማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ፦ «ሃይጂያ በዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውጨኛ ክፍል የምትዞር ጨለማ አስትሮይድ ናት።» (አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞር ድንጋያማ አካል ነው፤ ዋናው ቀበቶ በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የአስትሮይዶች ስብስብ።) «ጨለማ» ጆሮዬን ቆረቆረው። ነገ ማስረከብ አለብኝ፤ ምን ልበል?

ሰማይ ጠባቂ፦ «ጥቁር» በል። ጨለማ ቤት መብራት ሲገባበት ይበራል፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቤት ግን ፀሐይ ቢወጣበትም ጥቁር ነው። ሃይጂያ ላይ ፀሐይ ያርፍባታል፤ መልሳ የምታንጸባርቀው ግን 7 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው።

ዘጎንጅ፦ ልጄ፣ ቸኮልክ። በግእዝ ሁለቱም ከ«ጸልመ» ይወጣሉ፤ ጸሊም ጥቁር፣ ጽልመት ጨለማ። ጸ ወደ ጨ ዞሮ «ጨለመ» ሆነ። ቅኔ ቤት ዓመታት የተቀመጠ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም።

ሰማይ ጠባቂ፦ መምህር፣ ግእዙ ቢያዋህዳቸውም አማርኛው ለይቷቸዋል። «ጨለማ በግ አረድኩ» የሚል ሰው አለ?

ጓዳ፦ «ጥቁር» ራሱ ከየት መጣ? በግእዝ ጠቀር የጭስ ጥላሸት ነው፤ ከጎጆ ጣሪያ የሚንጠለጠለውን እኛም ጥቀርሻ እንለዋለን። የሃይጂያ ገጽ የጠቆረው ካርቦን በበዛበት ቁስ ነው። ከዚህ የቀረበ ቃል የት ይገኛል? «ጥቀርሻማ» በሉና ገላግሉት!

ዘጎንጅ፦ መጀመሪያ ግሱ ከስሙ ወጣ ወይስ ስሙ ከግሱ? እሱ ሳይለይ ቃል አይፈጠርም።

ቀለም ቀንድ፦ «ደብዛዛ»ስ? ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አኒባሌ ዴ ጋስፓሪስ ኔፕልስ ላይ ያገኛት በ1849 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ 430 ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ በትልቅነት 4ኛ ሆና ሳለ የተገኘችው ግን 10ኛ ነው። ከፀሐይ በአማካይ 470 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ያ ጥቁረት ሲጨመርበት ከምድር ለሚያያት ደብዝዛለች።

ሰማይ ጠባቂ፦ ደብዛዛነት የተመልካቹ ነገር ነው፣ ጥቁረት የራሷ። ቢቀርቧት ድብዘቷ ይቀራል፤ ጥቁረቷ ግን የትም አይሄድም።

ፊደል ቆጣሪ፦ እሺ፣ «ጥቁር» ብዬ ልዝጋው?

ዘጎንጅ፦ ቆይ፣ «ቀበቶ»ን ማን አሳለፈው? «ቅናት» የሚባል የከበረ መታጠቂያ እያለ!

ጓዳ፦ መምህር፣ ልጆቹ «የአስትሮይድ ቅናት» ሲያነቡ ምቀኝነት ነው የሚመስላቸው። ዝናር ይሻላል።

ዘጎንጅ፦ ዝናርማ የጥይት ሆኗል። ቅናት «ቀነተ» ከሚለው ነው፤ የምቀኝነቱ ከ«ቀንአ»። ግሱን ለይተን እንነጋገር።