ስፓኒሽ ለብቻው ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል? (የቡድን ክርክር)

ተርጓሚው፦
ሰሞኑን በአንድ የትምህርት ጉዳይ ውይይት ላይ ንግግር ያደረጉ የሥራ አማካሪ ስፓኒሽ ለብቻው በዲግሪ ደረጃ መሰጠቱ ሊቀር እንደሚገባው፣ ከሕግ፣ ከሒሳብ አያያዝ ወይም ከጤና ጋር ሳያጣምሩ ማስተማርም «ተማሪን ማታለል» እንደሆነ ሲናገሩ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ የሆነ፣ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፉን የፈታበት፣ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ የሆነ፣ በአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎች መካከል የተቆጠረ ቋንቋ እንዴት ለአንድ ዲግሪ አይበቃም ይባላል? የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎችን «ሌላ ሙያ ካልጨመራችሁ አናስተምራችሁም» የሚላቸው የለም። ተማሪው ቋንቋውን ከሥሩ ይማር፤ ሥራው በራሱ ይመጣል።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
«ሥራው በራሱ ይመጣል» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አማካሪው ማታለል ያሉት ይህንኑ አነጋገር ይመስለኛል። የጠቀሱት የተናጋሪ ብዛትም ክርክርዎን አይደግፍም። 500 ሚሊዮን ሰው ስፓኒሽን ያለ ዲግሪ ይናገራል፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ መሐንዲሶች፣ ነርሶችና የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ድርጅት ስፓኒሽ የሚችል ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ቋንቋውንም ሙያውንም የያዘውን ትቶ ቋንቋውን ብቻ በአራት ዓመት የተማረውን የሚመርጥበትን ምክንያት ይንገሩን።

አስተርጓሚዋ፦
መምህር፣ ይህ አስተያየትዎ ሥራችንን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው አስተያየት ነው። የሠለጠነ ተርጓሚ በአብዛኛው የሚሠራው ከውጭ ቋንቋ ወደ ራሱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ስፓኒሽን ተምሮ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው የሚተረጉም ሰው ተወዳዳሪዎቹ የማድሪድ ወይም የቦጎታ ተወላጆች ሳይሆኑ የራሱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ የሚበልጣቸውም የራሱን ቋንቋ ከእነርሱ አሳምሮ መጻፍ ከቻለ ነው። በዚህ በኩል ከተርጓሚው ጎን እቆማለሁ።

«በራሱ ይመጣል» የሚለውን ግን እኔም አልቀበለውም። በተባበሩት መንግሥታት ለመተርጎም ዋና ቋንቋዎ ከ6ቱ አንዱ መሆን አለበት፤ ከእርሱም በላይ ሌሎች ሁለት ይፋዊ ቋንቋዎችን በሚገባ ማወቅ ይጠበቅብዎታል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ያወቀ ተማሪ ፈረንሳይኛ ወይም ሌላ ይፋዊ ቋንቋ ከወዲሁ ይጀምራል፤ በአራተኛው ዓመት የሰማው ግን ተመርቆ እንደገና ጀማሪ ይሆናል። በፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚነት ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕግ የወጣለት ሥራ ሲሆን፣ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናው ዛሬ የሚሰጠው ለስፓኒሽ ብቻ ነው። የቋንቋው ተፈላጊነት ይህን ያህል ነው፤ ሆኖም ፈተናውን የሚያልፈው የክስ ሂደት ቃላትን አጥንቶ፣ ተናጋሪው ንግግሩን ሳያቆም እያዳመጡ አብሮ መተርጎምን የተለማመደ ነው እንጂ ዲግሪ የያዘ ሁሉ አይደለም።

የተማሪ አባት፦
ልጄ በዚህ ዓመት ስፓኒሽ ልትማር ተመዝግባለች፤ አልከለከልኳትም፣ አልከለክላትምም። ሆኖም «በራሱ ይመጣል» የሚለውን ለወላጅ መናገር ከባድ ነው። ልጅን በተስፋ ብቻ አራት ዓመት ማስተማር የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ምን መቼ ማድረግ እንዳለባት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ይጠቅመኛል።

ተርጓሚው፦
በራሱ ይመጣል ስል ተማሪው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ጠንካራ የቋንቋ ችሎታ ያለው ሰው በጊዜ ሂደት ቦታውን ያገኛል ማለቴ ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
እንግዲያው በጊዜ ሂደት ነው እንጂ በራሱ አይደለም። የኪራይና የምግብ ወጪ ያንን ሂደት አይጠብቅም። ስለዚህ የአማካሪውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ጥምር ትምህርት ግዴታ ይሁን።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
የምማረው ስፓኒሽን ብቻ ነው፤ በምርጫዬም እጸናለሁ። ግዴታ ይሁን የሚሉት ሁሉ አንድ ስሌት ረስተዋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከሚቀሉት ቋንቋዎች መድቦት እንኳ፣ ለሥራ ወደሚያበቃ ደረጃ ለመድረስ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል፤ ይህም ሙሉ ጊዜውን ለቋንቋው ለሰጠ ሠልጣኝ ነው። በሳምንት 6 ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንት የሚማር ተማሪ በዓመት 180፣ በአራት ዓመት 720 ሰዓት ያገኛል። ግማሹን ለሌላ ሙያ ስጡ ብትሉን 360 ሰዓት ይቀረናል። በ360 ሰዓት የሚመረቀው ሰው ስፓኒሽንም ሆነ ሒሳብ አያያዝን በግማሽ የሚያውቅ ይሆናል። አማካሪው የሚሉት ጥምረት በወረቀት ላይ ሁለት ሙያ ይመስላል፤ ቢ2 ላይ (በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከስድስቱ ደረጃዎች አራተኛው ላይ) የቆመ ቋንቋ ግን ውል ለመተርጎምም ሆነ ታካሚን ከሐኪም ጋር ለማግባባት አይበቃም።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
ስሌትሽ ትክክል ነው፤ የሚቀነሰው ግን ለምን የቋንቋው ሰዓት ይሆናል? ከ16ኛው እና ከ17ኛው መቶ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ኮርሶች ይቀነስ።

ተርጓሚው፦
ክርክሩ እዚህ እንደሚደርስ አውቄ ነበር። ሥነ ጽሑፍ የቋንቋው ትምህርት ራሱ ነው። ረጅም ዐረፍተ ነገር ሳይጠፋበት እስከ መጨረሻው መከተል፣ ጸሐፊው ያልጻፈውን ግን ያሰበውን መረዳት የሚለመደው በንባብ ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጻፍበት ስፓኒሽ በገበያ የሚነገረው አይደለም።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በክፍላችን ሦስት ዓመት ሙሉ ድርሰት ስንተነትን ከርመን አንድም ሕጋዊ ሰነድ ወይም የሕክምና ቅጽ አልተረጎምንም። ጥፋቱ የሥነ ጽሑፉ ሳይሆን ከጎኑ ሌላ ነገር ያላኖረው ሥርዓተ ትምህርት ነው።

የተማሪ አባት፦
አሁን ደግሞ ማሽን ሁሉን ይተረጉማል የሚሉኝ አሉ። ይህስ?

አስተርጓሚዋ፦
ማሽኑ ተራውን ደብዳቤ በሚገባ ይሠራል፤ በዚያ ብቻ ይተዳደር የነበረ ሰውም ተጎድቷል። ስለዚህ የማሽንን ትርጉም ማረም እንደ አንድ ሙያ የሚያስተምር ክፍል ካለ ልጅዎ ትግባበት። ስህተቱ ሰውን የሚያሳስርበት ወይም የመድኃኒት መጠን የሚያዛባበት ቦታ ግን ዛሬም በስሙ የሚፈርምና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈልጋል።

ለጠየቁኝም ልመልስ። በመጀመሪያው ዓመት የሰዋስውና የንግግር መሠረቷን ትጣል፤ ሦስተኛ ቋንቋም ትምረጥ። በሁለተኛው ዓመት የምትገባበትን የሥራ መስክ ትወስን፤ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ንግድ፣ ማስተማር፣ የትኛውም ይሁን። ከዚያ በኋላ የምትመርጠው ኮርስ ሁሉ ለዚያ መስክ ይሁን። በሦስተኛው ዓመት ቢቻል ስፓኒሽ በሚነገርበት አገር አንድ ወሰነ ትምህርት ታሳልፍ፤ ከተመላሾቹ ጋር ስነጋገር ልዩነቱ ወዲያው ይሰማኛል። ከመመረቋ በፊት ደግሞ የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም በሆነው በሴርቫንቴስ ኢንስቲትዩት የሚዘጋጀውን ዴሌ የተባለ የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና በሲ1 ደረጃ (ከቢ2 ቀጥሎ ባለው) ትፈተን፤ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም። ሲዬሌ የተባለው ሌላው ፈተና ግን ለ5 ዓመት ብቻ ያገለግላል። ቀጣሪ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ አይቶ ምን ያህል እንደምትችል ላያውቅ ይችላል፤ ሲ1 ግን በየትኛውም አገር ያው ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
እህቴ፣ የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ የእኔን ሐሳብ ግን ያጸናል። «መስክ ትወስን» ያሉት ጥምር ትምህርት ማለት ነው። ልዩነታችን እርስዎ በምክር፣ እኔ በደንብ እንዲሆን መፈለጋችን ብቻ ነው። ምክር የሚደርሰው ደግሞ እንደዚህ አባት ለጠየቀ ሰው ነው፤ ያልጠየቀው ተማሪ ማን አለው?

ተርጓሚው፦
ልዩነቱ ይህ ብቻ ከሆነ ትልቅ ልዩነት ነው። ደንብ ከወጣ ሥነ ጽሑፍን ወይም የቋንቋ ጥናትን እስከ ማስተርስና ዶክትሬት ለመቀጠል የሚሻው፣ መምህርና ተመራማሪ የሚሆነው ተማሪ ሒሳብ አያያዝ ይማር ተብሎ ይገደዳል። የነገዎቹን የስፓኒሽ መምህራን ማን ያፈራል?

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
ማስተማርም ሙያ ነው፤ ከሥነ ትምህርት ጋር ያጣምረዋ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
እኔን ያላሳመነኝ የጊዜው ነገር ነው። ደንቡ ከወጣ ምርጫው በምዝገባ ዕለት ይሆናል፤ አስተርጓሚዋ ግን በሁለተኛው ዓመት አሉ። በ18 ዓመቱ ስፓኒሽን ገና ያልጀመረ ልጅ የፍርድ ቤት ሥራ ይስማማው ወይም ሆስፒታል በምን ያውቃል? ግዴታ የሚሉት ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልሱልኝ።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
የሕክምና ተማሪም በ18 ዓመቱ ይመርጣል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
የሕክምና ተማሪ የሚመርጠው አንድ ትምህርት ነው፤ እኛን ሁለት ምረጡ እያሉን ነው። ጥያቄዬ አልተመለሰም።