ለሚጠብቅ ደዋይ የሚለቀቅ ዘፈን፦ ደዋዩ «አልፈልግም» የሚልበት መንገድ አለ?

ጥያቄ፦ የዘጌ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን እናቴ ዘጌ ናት። የስኳር ሕመም ስላለባት የምርመራ ውጤቷንና የሚቀጥለውን ቀጠሮዋን ለመጠየቅ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ የሕክምና ተቋም በየጊዜው እንደውላለን፤ አንዳንዴ እኔ፣ እኔ ካልተመቸኝ ደግሞ እርሷ ራሷ። ስልኩ እንደተነሳ የተቀዳ ድምፅ «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይልና ከዚያ በኋላ ሰው እስኪቀርብ ድረስ ጣሪያ የነካ የጭፈራ ዘፈን ይለቀቅብናል። ዘፈኑ በየመካከሉ ጥፍት ይልና ሰው ያነሳ መስሎኝ «ሄሎ» ስል ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ልጠብቅ ብል ደግሞ ነርሷ በዚያች ቅጽበት አንስታ፣ መልስ ስታጣ ትዘጋዋለች ብዬ እሰጋለሁ። እናቴ ከእኔ ይልቅ ትቸገራለች፤ ዘፈን ስትሰማ ቁጥር የተሳሳተች ወይም ሬዲዮ የገባባት ስለሚመስላት ሳትጠብቅ ትዘጋለች፣ ካርዷም በከንቱ ይቆረጣል።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ደዋዩ ይህን ሙዚቃ ከራሱ ስልክ ማጥፋት ይችላል? የግለሰብ ስልክ ላይ የጥሪ ማሳመሪያ ስንሰማ ሒሳብ የማይቆጠርብን ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ግን ለዘፈኑ ጊዜ ሁሉ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ተቋሙንስ «አጥፉልን» ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው ወይስ ለምነን የምናገኘው ውለታ? የታመመ ሰው ጉዳይ ይዞ የሚደውል ሰው ያልመረጠውን ጭፈራ በግድ እንዲያዳምጥ መደረጉ በጣም ያሳዝነኛል፤ የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የማዞሪያ ቴክኒሻን

ሥራዬ የድርጅቶችን የስልክ ማዞሪያ መትከልና መጠገን ነው። የጠቀሷቸው ሁለቱ ነገሮች ለጆሮ አንድ ዓይነት ቢመስሉም አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የጥሪ ማሳመሪያ ስልኩ ገና ሳይነሳ ኔትወርኩ በተለመደው የመጥሪያ ድምፅ ፈንታ የሚልከው ነው፤ በስፋት ለገበያ የቀረበውም በ2002 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ፣ በኤስኬ ቴሌኮም አማካይነት ነበር። ኔትወርኩ ሒሳብ መቁጠር የሚጀምረው የተደወለለት ወገን ስልኩን ማንሳቱን የሚገልጽ ምልክት ሲደርሰው ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የሚሰማው ዘፈን ደዋዩን አያስከፍለውም። ወደ ሕክምና ተቋሙ ሲደውሉ ግን ጥሪውን ያነሳው ማዞሪያው ራሱ ነው። «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ድምፅ መሰማት ሲጀምር፣ በኔትወርኩ ዘንድ ጥሪው መልስ አግኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ ነርስ ብትመጣም ባትመጣም ዘፈኑን የሚያዳምጡት በራስዎ ሒሳብ ነው።

ከራስዎ ስልክ ማጥፋት አይቻልም። ዘፈኑ የሚደርስዎ የነርሷ ድምፅ በሚመጣበት በዚያው መስመር፣ እንደ ማንኛውም ንግግር ተቆጥሮ ነው። ጎግል በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለፒክስል ስልኮች ያቀረበው፣ በደዋዩ ፈንታ እየጠበቀ ሰው ሲመጣ የሚያሳውቅ አገልግሎት አለ፤ ነገር ግን በአማርኛ የሚሠራ አይደለም፣ እናትዎ ለሚይዙት ዓይነት ተራ ስልክም የሚፈይደው ነገር የለም።

ዘፈኑ የሚቆራረጠው ስልክዎ ስለተበላሸ አይደለም። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ለንግግር ይበቃል፤ የከበሮው ጥልቅ ምትና የማሲንቆው ረቂቅ ድምፅ ግን ከወሰኑ ውጭ ይቀራሉ። በዚያ ላይ በመደበኛው መስመር በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚይዘው ድምፅ፣ ሞባይል ላይ ሲደርስ ኤኤምአር በሚባለው የማመቂያ ስልት ወደ 12.2 ኪሎቢት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስልቱ የተሠራው ከሰው ጉሮሮና አፍ የሚወጣውን ድምፅ በጥቂት መረጃ ለመግለጽ ስለሆነ፣ ብዙ የሙዚቃ መሣሪያ በአንድ ላይ ሲመጣበት በትክክል ሊይዘው አይችልም፤ አንዳንዱንም ክፍል እንደ ጀርባ ጫጫታ ሊያዳክመው ይችላል። ስለዚህ ድምፃዊው የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን ለእናትዎ የሚደርሳቸው የተሰባበረ ጩኸት ነው።

ለተቋሙ ግን ነገሩ በጣም ቀላል ነው። የዘፈኑ ፋይል የሚገኘው በማዞሪያው ቅንብር ውስጥ ስለሆነ መቀየር፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ወይም በአጭር ምልክት መተካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር፣ ማዞሪያው በተተከለበት ቀን አንድ ሠራተኛ ከስልኩ አውጥቶ የጫነው ዘፈን ለዓመታት እዚያው መቅረቱን ነው፤ ኃላፊዎቹ ወደ ገዛ ቁጥራቸው ደውለው ስለማያውቁ ሕዝቡ ምን እንደሚሰማ አያውቁም። ከሁሉ የተሻለው ግን ሰው ነፃ እስኪሆን ድረስ ማዞሪያው ጥሪውን እንዳያነሳ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ደዋዩ የሚሰማው ተራውን የመጥሪያ ድምፅ ይሆናል፣ ካርዱም አይነካም። እርግጥ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነሳን ጥሪ ኔትወርኩ ራሱ ስለሚያቋርጠው ይህ የሚያዋጣው ወረፋው አጭር በሆነበት ቦታ ነው።

መልስ፦ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ሆኖም «አጥፉት» በሚለው ላይ ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ። የምንሠራው ጣና ዳር ሲሆን በተለይ በጥምቀት ሰሞን ክፍል ለመያዝ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ ጀልባ ለመጠየቅ፣ ጢስ ዓባይን ለማየት የሚደውለው ሰው ከምንችለው በላይ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ፍጹም ዝምታም ለደዋዩ ደግ አይደለም፤ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማ ሲቀር መስመሩ የተቋረጠ ስለሚመስለው ዘግቶ እንደገና ይደውላል፣ ወረፋውንም ያጣል። የማቆያ ሙዚቃ ራሱ የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። አልፍሬድ ሌቪ የተባለ አሜሪካዊ የፋብሪካ ባለቤት፣ በፋብሪካው የተላቀቀ የስልክ ሽቦ የሕንፃውን ብረት በመንካቱ በአጠገቡ የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ሥርጭት ወደ ስልክ መስመሩ ሲያስገባ አስተዋለ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ማመልከቻ አስገብቶ በ1966 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ዓላማው ደዋዩ እንዳልተረሳ እንዲያውቅ ማድረግ ነበር።

ስለሆነም ጥያቄው ሙዚቃ ይኑር አይኑር ብቻ መሆን ያለበት አይመስለኝም። ዴቪድ ማይስተር የተባሉት ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ በጻፉት ጽሑፍ፣ መጨረሻው የማይታወቅና ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከሌላው ይልቅ የረዘመ ሆኖ እንደሚሰማ አስረድተዋል፤ ዘፈን ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም አይነግርም። እኛ አሁን የምናሰማው በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ለስላሳ ምልክት ሲሆን፣ በመካከሉ የሠራተኛችን ድምፅ «ከእርስዎ በፊት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ መዝጋት ከፈለጉ መልሰን እንደውልልዎታለን» ይላል። በበዓል ሰሞን ብቻ ዝቅ ያለ የብቸኛ ዋሽንት ድምፅ እንጨምርበታለን፤ አንድ መሣሪያ ብቻውን ሲሆን በስልክም ብዙ አይበላሽም። ቅሬታ አልደረሰንም፤ እንዲያውም መልሰን ስንደውል የሚያመሰግኑን ብዙዎች ናቸው።

መልስ፦ የሰንበቴ አባል

እኔ በቴክኒኩ አልገባም፤ ስለ ግለሰቦች የጥሪ ማሳመሪያ ግን ሳይነገር የቀረ ነገር አለ። ማሳመሪያውን የመረጠው ሰው ራሱ አይሰማውም፤ የሚሰማው ደዋዩ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሰውየው በሠርጉ ሰሞን ያስገባው የእልልታና የጭፈራ ዘፈን ወላጁን በቀበረበት ሳምንትም እየተጫወተ ይቆያል። ሩቅ አገር ያለ ወዳጅ፣ ለቅሶ መድረስ ስላልቻለ በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ለማለት ደውሎ፣ ቃሉን ከመናገሩ በፊት ሆታ ይቀበለዋል። እንዲህ የደረሰባቸው ሰዎች በሐዘን ላይ ያለን ሰው «ስልክህ ይጨፍራል» ብሎ መንገር ስለሚከብዳቸው ዝም ይላሉ፤ ባለስልኩም ሳያውቀው የአርባው ቀን ይደርሳል። መርዶ በስልክ እንዳይነገር የምንጠነቀቅ፣ ሽማግሌ መርጠን ማለዳ የምንልክ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ በዚህ በኩል ክፍተት ትተናል።

በእኛ እድር አሁን የለቅሶ ቤቱን ስልክ የሚይዘው ዘመድ በመጀመሪያው ቀን ከሌላ ስልክ ወደ ሐዘንተኛው ቁጥር ደውሎ እንዲያዳምጥና ዘፈን ካለበት እንዲያስጠፋ እንመክራለን። ይህ ሰውየውን ሳያሳፍር የሚሆን ነገር ነው፤ ሌሎች እድሮችም ቢያደርጉት እወዳለሁ።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱም ቀን፣ በፍልሰታም ከዘፈን የሚርቅ ሰው ስልክ በደወለ ቁጥር ዘፈን ሲለቀቅበት የእርሱ ፈቃድ የት ገባ? በረመዳን የሚጾሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዳንዶች መፍትሔ ብለው መዝሙር ያስገባሉ፤ ሐሳባቸው መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ስልኩ በተነሳ ቁጥር የጌታ ወይም የእመቤታችን ስም ከአፍ ላይ ተቆርጦ «ሄሎ» ሲተካበት ለእኔ ምቾት አይሰጠኝም፤ ደዋዩም የሌላ ሃይማኖት ሰው ሊሆን ይችላል። ተራው የመጥሪያ ድምፅ ማንንም አያስቀይምም።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንግዳ ማረፊያው አሠራር ለእንግዳ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ክፍል ለመያዝ የሚደውል ሰው ልቡ ሰፊ ነው። ለሕክምና ተቋም ግን ዋሽንቱንም ቢሆን አልደግፈውም፤ ውጤት የሚጠብቅ ሰው የሚፈልገው መስመሩ አለመቋረጡን ማወቅና ሰው መቼ እንደሚቀርብለት መስማት ብቻ ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ አማርኛ የሚናገር የሰው ድምፅ በየመካከሉ መስማታቸው «ትክክለኛው ቦታ ነው የደወልኩት» ብለው እንዲጠብቁ ያደርጋቸዋል። በሕግ በኩል የምታውቁ ካላችሁ አሁንም እጠብቃለሁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ሁለቱን ጉዳዮች ሕጉም ለያይቶ ነው የሚያያቸው። በራስዎ ቁጥር ላይ ያልጠየቁት የጥሪ ማሳመሪያ ተጭኖ ክፍያ የሚቆረጥ ከሆነ ጉዳዩ የቴሌኮም ተጠቃሚ መብት ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚዎችን መብት የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ ቅሬታዎን በመጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ያቀርባሉ፣ መልሱ ካላረካዎ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳሉ። ቅሬታ ያቀረቡበትን ቀንና የተሰጠዎን ቁጥር መያዝ አይርሱ።

የሕክምና ተቋሙ ማቆያ ዘፈን ግን የተቋሙ የራሱ መስተንግዶ ስለሆነ መንገዱ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ይህ ውለታ መለመን አይደለም፤ የሚከፍሉት ታካሚው ሕክምናውን፣ ደዋዩም የስልኩን ሒሳብ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ሁለተኛ ምክንያትም ማንሳት ይቻላል፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሙዚቃ ሥራን ለሕዝብ ማሰማት የባለመብቱን ፈቃድ የሚሻ ተግባር ነው። ከአንድ ሠራተኛ ስልክ የወጣ ዘፈን ለደዋይ ሁሉ ሲለቀቅ ማን እንደፈቀደ ኃላፊው ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህ ነጥብ ብቻውን ብዙ ድርጅቶች ዘፈኑን ፈጥነው እንዲያነሱ ያደርጋል ብዬ እገምታለሁ።

መልስ፦ የማዞሪያ ቴክኒሻን

በደብዳቤው ላይ «ሙዚቃውን አጥፉ» ብቻ ከተባለ ቴክኒሻኑ ፋይሉን ሰርዞ በዝምታ ሊተወው ይችላል፤ ያ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ የተናገሩትን ችግር ያመጣል። ስለዚህ የሚተካው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ፦ በየ10 ወይም 15 ሰከንዱ አጭር ምልክት፣ በየግማሽ ደቂቃው «መስመርዎ አልተቋረጠም» የሚል የአማርኛ ድምፅ፣ እንዲሁም ድምፁ ከሰው ንግግር እንዳይበልጥ። ከተቻለም ቀጠሮ ለሚጠይቁ ሰዎች በማዞሪያው የማያልፍ ቀጥታ ቁጥር እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ ለእናትዎ ከሁሉ የሚበጀው ይህ ነው።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

እንዲሁ እጽፋለሁ። እናቴ በምትታከምበት ተቋም ወላጆቹን የሚያሳክም ሌላ ሰውም ቢፈርምበት ክብደት ይኖረዋል፤ ሰኞ ጠዋት ከማስገባቴ በፊት ስማችሁን ለመጨመር የምትፈልጉ እዚሁ አሳውቁኝ።