ቃር አላስተኛ አለኝ፤ አንታሲድ ሽሮፕ ከታይፎይድ መድኃኒት ጋር ይወሰዳል?

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ፣ ሐዋሳ

ሰላም ቤተሰብ። ቃር ከጀመረኝ ወር ሊሞላው ነው። ደረቴ ይቃጠላል፣ ኮምጣጣ ውኃ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። ጠዋት በባዶ ሆዴ ከጠርሙሱ ሁለት ጉንጭ አንታሲድ ሽሮፕ ጠጥቼ እወጣለሁ። ወዲያው ቀለል ይለኛል፤ ግን ከመናኸሪያ ፒያሳ ሁለቴ ሳልመላለስ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ታይፎይድ ነው ተብዬ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ሆዴን እንዳያቃጥለኝ ብዬ ከሽሮፑ ጋር ነው የምውጠው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ

አዎ ወንድሜ፣ ችግር አለው። ሽሮፑ ውስጥ ያሉት አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ሲፕሮውን ሆድህ ውስጥ እንዳለ ይይዙታል። ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል፤ የቀረው በሰገራ ይወጣል። መድኃኒቱን ውጠሃል፣ ግን በሙሉ አቅሙ አልሠራልህም። ዛሬውኑ ወዳዘዘልህ ሐኪም ተመለስና አብረህ ስትወስድ እንደነበር ንገረው። ለማካካስ ብለህ ደርበህ እንዳትውጥ።

ሲፕሮ ከአንታሲድ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚወሰደው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የምትውጥ ከሆነ፣ ሽሮፑን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ወይም ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠጣ። ዶክሲሳይክሊን፣ የደም ማነስ የብረት ኪኒንና የእንቅርት መድኃኒትም ከአንታሲድ ጋር አብረው አይወሰዱም።

ቶሎ የሚመለስብህ በባዶ ሆድ ስለምትጠጣው ነው። ባዶ ሆድ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው፣ ወደ አንጀት ያልፋል። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ብትወስደው ግን እስከ 3 ሰዓት ሊያገለግልህ ይችላል። ደግሞ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥተህ እየው፤ ነጩ ከታች ዘቅጦ ታገኘዋለህ። መድኃኒቱ እሱ ነው። በደንብ ሳትነቀንቅ ከላይ ከጠጣኸው የምታገኘው በአብዛኛው ውኃውን ነው። በጉንጭ ሳይሆን በመለኪያው ክዳን ለካ።

መልስ፦ እናት፣ ከአቶቴ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ማታ ምን በልተህ ነው የምትተኛው? እኔ ሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በልቼ የተኛሁ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። እራቴን ቀደም አድርጌ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳልጋደም መቆየት ስጀምር ነው የተሻለኝ። ልጆቼም ከአልጋዬ ራስጌ እግሮች ሥር ብሎኬት አድርገውልኛል። ትራስ መደራረብ አይበቃም፣ አንገት ብቻ ነው የሚያጥፈው። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠህ ጠጣ የሚልህ ሰው አይጠፋም። ሶዲየሙ ብዙ ነው፤ እኔ ደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪም ከልክሎኛል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ፣ እናቴ። እራቴን 4 ሰዓት ላይ በልቼ ወዲያው ነው የምተኛው። ወገቤን ሲያመኝም ዲክሎፌናክ እውጣለሁ። እሱም ይነካካል እንዴ?

መልስ፦ ነርስ

በጣም እንጂ! ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። ሽሮፑ ማቃጠሉን ቢያበርድልህም ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ይችላል። ዲክሎውን አቁም፤ ለወገብህ ፓራሲታሞል ይሻልሃል፣ ግን ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገረው። አንታሲድ ከ2 ሳምንት በላይ ካስፈለገ ምርመራ ይፈልጋል። አንተ ወር ሊሞላህ ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ማለትም ኤች ፓይሎሪ፣ በሰገራ ይመረመራል። ሆኖም አንቲባዮቲክ ከጨረስክ 4 ሳምንት ሳይሞላህ ብትመረመር ባክቴሪያው እያለም የለም ሊል ይችላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከጀመርክም ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም አለ፤ እሱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰህ፣ ምግብ ሲወርድ ከተናነቀህ ወይም ክብደትህ ያለ ምክንያት ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቅ። ደረትህን ጨምድዶህ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደና ካላበህ ደግሞ ቃር ነው ብለህ ሽሮፕ አትፈልግ። ልብ ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጠያቂው

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። ሲፕሮውን በሰዓቱ ለይቼ እንድቀጥል ነገረኝ፣ ትኩሳቱ ካልወረደ ከነገ ወዲያ ተመለስ ብሎኛል። ዲክሎውንም አስቁሞኛል። አንድ ነገር ልጨምር። እናቴም ሲያቃጥላት ከዚሁ ጠርሙስ እቀዳላታለሁ። የኩላሊት ሕክምና ላይ ናት።

መልስ፦ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ

ከዛሬ ጀምሮ አትቅዳላት። ማግኒዥየሙንና አሉሚኒየሙን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ የታመመ ኩላሊት ካላስወጣው ይጠራቀምባታል። እስካሁን ስትጠጣ እንደነበር ለሐኪሟ ንገሩ፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ከወትሮው የተለየ ድካም ወይም እንቅልፍ ካየህባት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ውሰዳት።